የካምሪ አዲስ መልክ እና የሦስተኛው ባለቤት ሒሳብ

በቅርቡ አንድ ወዳጄ ከወደ አሌክሳንድርያ፣ ቨርጂንያ ደወለልኝ። ሰላምታውን በወጉ ሳይጨርስ «ወንድሜ፣ ካምሪ ልገዛ ሄጄ ባዶ እጄን ተመለስኩ» አለኝ። መኪና ጠፍቶ አልነበረም፤ የሻጩ ግቢ ሙሉ ነበር። ወዳጄ የፈለገው ግን እስከ ዛሬ እንደነዳቸው ሁለት ካምሪዎች በቤንዚን ብቻ የሚሄድ፣ ኮፈኑ ሲከፈት የሚያውቀው ሞተር የሚታይበት፣ እሱ እንደሚለው «ባትሪ ምናምን» የሌለበት መኪና ነው። ሻጩ «እንዲህ ያለ አዲስ ካምሪ ከእንግዲህ የለም፤ ሁሉም ሃይብሪድ ነው» ብሎ አሰናበተው።

ወዳጄ ቀጥሎ ያነሳው ጥያቄ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። «እኔ አሥር ዓመት ነድቼ ለእህቴ ልጅ የማወርሳት መኪና ነው። ያን ጊዜ ባትሪው ቢሞት ማን ሊከፍል ነው?»

ስለ አዲሱ ካምሪ ብዙ ተጽፏል። ስለ ፊት መብራቱ፣ ስለ ስክሪኑ ስፋት፣ ስለ ነዳጅ ቁጠባው አንብበናል። የወዳጄን ጥያቄ የጠየቀ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ካምሪ ደግሞ የአንድ ሰው መኪና ሆኖ አያውቅም። አንዱ አዲስ ይገዛዋል፣ ሁለተኛው ከአምስትና ስድስት ዓመት በኋላ ይረከበዋል፣ ሦስተኛው ደግሞ ገና ከአውሮፕላን የወረደ ስደተኛ ወይም ኮሌጅ የገባ ልጅ ነው። ከእኛ መካከል አሜሪካን በሦስተኛ ባለቤትነት በያዘው መኪና ያልጀመረ ስንቱ ነው? ስለዚህ እኔ በበኩሌ አዲሱን ካምሪ ከመጀመሪያው ባለቤት ወንበር ብቻ ሳይሆን ከሦስተኛውም ወንበር ላይ ተቀምጬ ማየት መረጥኩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምን ተለወጠ?

ቶዮታ አዲሱን ካምሪ ያስተዋወቀው በኖቬምበር 2023 ሲሆን፣ መኪናው በ2024 የጸደይ ወራት የ2025 ሞዴል ተብሎ ለገበያ ቀረበ። በውጭ ሲታይ ፊቱ ወደ ፕሪየስ የቀረበ፣ ሹል ያለ ሆኗል። ውስጡም ዘመናዊ ሆኗል። መሠረቱ ግን ከ2018ቱ ካምሪ ጋር አንድ ነው። በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት እንኳ አልተለወጠም።

እውነተኛው ለውጥ ያለው ኮፈኑ ሥር ነው። እስከ 2024 ሞዴል ድረስ ገዢው ሦስት ምርጫ ነበረው። አንደኛው ባለ 2.5 ሊትር የቤንዚን ሞተር፣ ሁለተኛው 301 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ሦስተኛው ሃይብሪድ ናቸው። ከ2025 ሞዴል ጀምሮ ሁለቱ ቀርተው ሃይብሪዱ ብቻውን ቆመ። ጉልበቱ 225 ፈረስ ነው፤ በአራቱም ጎማ የሚጎትተው ደግሞ 232።

እዚህ ላይ አንድ ግራ መጋባት ማጥራት ያስፈልጋል። ይህ መኪና ግድግዳ ላይ አይሰካም። ነዳጁ ያው ቤንዚን ነው። ልዩነቱ ፍሬን ሲያዝ ወይም ቁልቁለት ሲወረድ በከንቱ ይባክን የነበረውን ኃይል በትንሽ ባትሪ አጠራቅሞ፣ መኪናው ሲነሳና በዝግታ ሲሄድ መልሶ መጠቀሙ ነው። ትራፊክ በሚበዛበት ከተማ ከአውራ ጎዳናው ይልቅ ነዳጅ የሚቆጥበውም ለዚህ ነው። የአሜሪካ መንግሥት መለኪያ እንደሚያሳየው፣ ኤልኢ የተባለው ዝቅተኛ ደረጃ ካምሪ በአንድ ጋሎን በከተማ 53፣ በአማካይ 51 ማይል ይሄዳል። የ2024ቱ የቤንዚን ኤልኢ በከተማ 28፣ በአማካይ 32 ነበር። በእኛ ልማድ ስናሰላው በአንድ ሊትር ከ13 ኪሎ ሜትር ተኩል ወደ 21 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ብሏል ማለት ነው።

ቶዮታ ለምን ምርጫውን አጠበበው?

ካምሪ አሜሪካ የገባው በ1983 ነው። ስሙ «ካንሙሪ» ከሚለው የጃፓንኛ ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ዘውድ ነው። አገር ቤት በደንብ የምናውቀው የኮሮላም ስም ከዚሁ የዘውድ ቤተሰብ ነው። ከ1988 ጀምሮ ደግሞ በኬንታኪ ግዛት ጆርጅታውን ከተማ ይመረታል። አሜሪካዊ ሆኗል ብንል አልተጋነነም። በትውልድ አገሩ በጃፓን ሽያጩ ቀዝቅዞ በ2023 መጨረሻ ለዚያ ገበያ መመረቱ ሲቆም፣ ቶዮታ በዲሴምበር 2025 ከአሜሪካ ፋብሪካው ካምሪ ወደ ጃፓን ለማስገባት ማቀዱን እስከ ማስታወቅ ደርሷል።

አሜሪካ ውስጥም ቢሆን የቤት አውቶሞቢል ዘመን እየጠበበ ነው። በ2007 ከ470,000 በላይ ካምሪ ተሽጦ ነበር። በ2024 የተሸጠው ወደ 310,000 ገደማ ነው። የራሱ የቶዮታ ልጅ ራቭ ፎር በ2017 በሽያጭ ቀደመው። ፎርድ ፊውዥንን በ2020፣ ሼቭሮሌት ማሊቡን በ2024 ማምረት አቆሙ። ገበያው ጠቦ ተፎካካሪው ሲያንስ፣ የቀረው ነጋዴ ሦስት ዓይነት ሞተር ከሚሠራ አንዱን በብዛት ቢሠራ ወጪው ይቀልለታል። ቶዮታ ይህን አስቀድሞ በሲዬና ሚኒቫን ላይ ሞክሮታል። የ2021ዱ ሲዬና በሃይብሪድ ብቻ ወጥቶ ገበያ አላጣም። ቀጥሎ ካምሪ መጣ። በሜይ 2025 ይፋ የሆነው አዲሱ ራቭ ፎርም የቤንዚን ብቻ ምርጫውን ትቷል።

ኩባንያው የሚያቀርበው ሌላም ክርክር አለ። ለአንድ ሙሉ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የሚውለው ማዕድን ለ90 ሃይብሪዶች ይበቃል ይላል። በዚህ ስሌት አንዱን መኪና ሙሉ በሙሉ ከነዳጅ ከማላቀቅ ይልቅ የዘጠናውን ፍጆታ መቀነስ ይበልጣል ባይ ነው። የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ደግሞ ቶዮታ ወደ ኤሌክትሪክ ለመግባት መዘግየቱን በዚህ ሰበብ ይሸፍናል ሲሉ ይወቅሱታል። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ነገር ግን የፖለቲካው ነፋስ ለጊዜው ለቶዮታ ነፍሷል። ለኤሌክትሪክ መኪና ገዢ ይሰጥ የነበረው እስከ 7,500 ዶላር የሚደርስ የፌዴራል ግብር ቅናሽ በሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 አብቅቷል። የነዳጅ ፍጆታ ደንብን የሚተላለፉ አምራቾች የሚከፍሉት ቅጣትም በዚያው ዓመት በወጣ ሕግ ወደ ዜሮ ወርዷል። ደንቡ ሲላላም ቶዮታ ወደ ቤንዚን ብቻ አለመመለሱ፣ ውሳኔው የመንግሥት ጫና ብቻ ሳይሆን የንግድ ስሌትም እንደነበረ ያሳያል።

የመጀመሪያው ባለቤት ሒሳብ

አሁን ወደ ኪሳችን እንግባ። አዲሱ ኤልኢ ሲወጣ ዋጋው፣ የማጓጓዣ ሳይጨምር፣ 28,400 ዶላር ነበር። ከቀደመው የቤንዚን ኤልኢ በ2,000 ዶላር ገደማ ይበልጣል። ለሒሳብ እንዲመቸን አንድ ጋሎን ቤንዚን 3 ዶላር ነው እንበል።

እንደ ወዳጄ በዓመት 15,000 ማይል የሚነዳ የቤተሰብ ሰው ወደ 175 ጋሎን፣ ማለትም 525 ዶላር ገደማ በዓመት ይቆጥባል። የዋጋውን ልዩነት አራት ዓመት ሳይሞላው ይመልሳል።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ ወገናችን ደግሞ በከተማ ውስጥ በዓመት 40,000 ማይል ቢሄድ ቁጠባው ከ670 ጋሎን ይበልጣል። ይህ 2,000 ዶላር ነው። ልዩነቱን በአንድ ዓመት መለሰ ማለት ነው። ክራውን ቪክቶሪያ በየመብራቱ ቆሞ ቤንዚን ሲጠጣ ያየ የድሮ ሾፌር ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ አስረዱኝ አይልም።

በሌላ በኩል ቅዳሜ ገበያ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ደርሰው የሚመለሱ እናት በዓመት 5,000 ማይል ቢነዱ የሚቆጥቡት 175 ዶላር ገደማ ነው። የዋጋውን ልዩነት ለመመለስ ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ ይፈጅባቸዋል። ለእሳቸው የቀድሞው መኪና ይበቃቸው ነበር። ምርጫው ሲነሳ የተጎዳው ሰው ካለ ብዙ የሚነዳው ሳይሆን ጥቂት የሚነዳው ነው። እዚህ ላይ ሆንዳ አኮርድና ህዩንዳይ ሶናታ የቤንዚን ብቻ ምርጫን እንዳልተዉ ማስታወስ ይገባል። «ሃይብሪድ ካልሆነ መኪና የለም» ብሎ የሚያስጨንቃችሁ ሻጭ ካለ አትመኑት።

የሦስተኛው ባለቤት ጥያቄ

ቶዮታ ለሃይብሪድ ባትሪው የሚሰጠው ዋስትና 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ነው፤ ቀድሞ የሞላው ይቆጠራል። ዋስትናው መኪናው ሲሸጥ ወደ አዲሱ ባለቤት ይተላለፋል። መልካም ነገር ነው። ነገር ግን የወዳጄን ሒሳብ እንሥራ። በዓመት 15,000 ማይል፣ ለአሥር ዓመት፣ ልክ 150,000 ማይል። ቁልፉን ለእህቱ ልጅ በሚያስረክብበት ቀን ዋስትናው ያበቃል። የታክሲ ሾፌሩ ዋስትና ደግሞ አራት ዓመት ሳይሞላው ያልቃል። ቁጠባው ለመጀመሪያው፣ ሥጋቱ ለመጨረሻው ሆነ ማለት ነው። የወዳጄ ፍርሃት ካለማወቅ የመጣ ነው ብዬ ያላጣጣልኩት ለዚህ ነው።

ፍርሃቱ ልክ ነው ማለት ግን መኪናው መጥፎ ነው ማለት አይደለም። በመጀመሪያ፣ ባትሪዎቹ ሰው እንደሚያስበው ቶሎ አይሞቱም። ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የሸማቾች መጽሔት በ2011 ከ200,000 ማይል በላይ የተነዳ የ2002 ፕሪየስ ወስዶ ሞክሮ ነበር። የነዳጅ ፍጆታውም ሆነ አካሄዱ መጽሔቱ ከአሥር ዓመት በፊት አዲስ ሳለ ከፈተሸው ፕሪየስ ብዙም ሳይርቅ አገኘው። የኒውዮርክ ሃይብሪድ ታክሲዎችም ቀንና ሌሊት ተነድተው ያሳዩት ይህንኑ ጥንካሬ ነው።

ሁለተኛ፣ በባትሪው ፈንታ የቀነሱ የራስ ምታቶች አሉ። በዚህ መኪና ላይ እንደ ድሮው ሞተሪኖ የለም። ዲናሞ የለም፣ ቺንጋም የለም። ማርሽ የሚቀያይረው የተለመደው ካምቢዮም በሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮችና በአንድ ቀላል የጥርስ ስብስብ ተተክቷል። በአሮጌ መኪና ላይ ካምቢዮ ያሠራ ሰው ይህ ስንት ዶላር እንደሚያድን ያውቃል። መኪናው ፍጥነቱን የሚቀንሰው በአብዛኛው በኤሌክትሪክ ሞተሩ ስለሆነ የፍሬን ሸራውም ረጅም ጊዜ ይቆያል።

ሦስተኛ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ባትሪው የሞተ ዕለት ወጪው በሺሕ ዶላሮች የሚቆጠር ነው። ጥገናውም የጓሮ ሥራ አይደለም። ብርቱካንማ ቀለም ባለው ገመድ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ኃይል ሰው ይገድላል፤ በዘርፉ የሠለጠነ መካኒክ ያስፈልጋል። ቅዳሜ ከሰዓት ጓደኛ ጠርቶ፣ ቡና እየጠጡ መኪና የሚፈቱበት ዘመን ለዚህ ክፍል አይሠራም። በ3,000 ዶላር አሮጌ መኪና ለገዛ አዲስ ስደተኛ፣ የመኪናውን ዋጋ የሚያህል የባትሪ ሒሳብ መምጣቱ ከሥራው ሊያስቀረው የሚችል አደጋ ነው።

ወደ አገር ቤት ስንመለከት

ቀደም ባለው ጊዜ ለዚህ ዓይነቱ ሥጋት አንድ መውጫ ነበረን። አሮጌ ቶዮታ አሜሪካ ቢደክም አገር ቤት ዘመድ ያገኛል፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ደግሞ መለዋወጫ አያጣም እንል ነበር። ያ በር ተዘግቷል። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2024 መጀመሪያ ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን በትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ በኩል አስታወቀ። ምክንያቱ የሚገባ ነው። ነዳጁ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ግን ከራሳችን ወንዞች ይመነጫል። በሴፕቴምበር 2025 የተመረቀው የህዳሴ ግድብም ይህን ክርክር አጠናክሮታል።

ሁለቱ አገሮች የያዙት መንገድ ለንጽጽር ይጠቅማል። አዲስ አበባ ሃይብሪድ የሚባለውን ድልድይ ሳትረግጥ በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ዘላለች። የአሜሪካው የቤተሰብ መኪና ግን ድልድዩ ላይ ቤት ሠርቶ ተቀምጧል። ጥያቄው ግን በሁለቱም ቦታ አንድ ነው። አዲስ ቴክኖሎጂ ሲገባ የመጀመሪያው ገዢ ቁጠባውን ያጣጥማል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ አሮጌውን ባትሪ የሚረከበው ሰው ጉዳይ ግን ከወዲሁ አይታሰብም። ዛሬ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ነገ ሦስተኛ ባለቤት ይኖራቸዋል። የእነሱ ባትሪ ደግሞ ከካምሪው እጅግ የገዘፈ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

እኔ የደረስኩበት መደምደሚያ ይህ ነው። ቶዮታ ካምሪን ወደ ሃይብሪድ ብቻ ማዞሩ ብዙ ለሚነዳ ቤተሰብና ለሾፌር ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ጉድለቱ መኪናው ላይ ሳይሆን እኛ መኪና በምንገዛበትና በምንሸጥበት ልማድ ላይ ነው። በማኅበረሰባችን መኪና የሚሸጠው በሰው በሰው ነው። «የእገሌ መኪና ናት፤ በደንብ ነው የያዛት» ከተባለ ሌላ ጥያቄ አይነሳም። ለቤንዚኑ ካምሪ ይህ ይበቃ ነበር። የሞተሩ ድምፅና የካምቢዮው አካሄድ ይናገራሉና። ባትሪ ግን ድምፅ የለውም። ጤነኛ መስሎ ሊሸጥ ይችላል።

ስለዚህ አሮጌ ሃይብሪድ የምትገዙ፣ ባትሪው በመሣሪያ ተፈትሾ የተጻፈበትን ወረቀት ሳታዩ ገንዘብ አትቁጠሩ። ፍተሻው ከባትሪው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። አዲስ የምትገዙ ደግሞ ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን የባትሪውን አየር ማስገቢያ በዕቃ አትድፈኑት፤ ንጽሕናውንም አስጠብቁ። ባትሪን ከሚያደክሙት ነገሮች ዋነኛው ሙቀት ነው። የጥገናውን ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጡ። መኪናውን ስታስረክቡ ደረሰኙንም አብራችሁ አስረክቡ።

ለወዳጄ የሰጠሁት መልስ ደግሞ ከዚህ የተለየ አልነበረም። «በአሥር ዓመት ከነዳጅ 5,250 ዶላር ትቆጥባለህ። የዋጋውን ልዩነት ስትቀንስ ከ3,000 በላይ ይተርፍሃል። ከእሱ ላይ በየወሩ 25 ዶላር ለይተህ ብታስቀምጥ፣ መኪናዋን የምታስረክብ ቀን 3,000 ዶላር አብሮ ይሰጣል። ባትሪው ካልሞተ የልጅቷ የትምህርት ቤት ገንዘብ ይሆናል» አልኩት። ጥቂት ዝም ብሎ «እሷ እኮ ገና ሰባተኛ ክፍል ናት» አለና ሳቀ። በሳምንቱ ግራጫ ካምሪ ገዝቶ፣ የመጀመሪያውን የዘይት ቅያሪ የሚጽፍበት ደብተር ጓንቲ ማስቀመጫው ውስጥ እንዳኖረ ነገረኝ። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የጻፈው ስም የእሱ ሳይሆን የእህቱ ልጅ ነው።

ቸር እንሰንብት።